ዲዊት ክሊንተንና የገጠር አውራጃዎች አቤቱታ

አንድ ታላቅ የሕዝብ ሥራ ተጠናቆ አገልግሎት መስጠት ሲጀምር የሚመረቀው ድልድዩ፣ መንገዱ ወይም ቦዩ ነው፤ ሥራው እንዲሠራ የጠየቀው ሕዝብና ጥያቄው ከመንግሥት ደጃፍ የደረሰበት ሁኔታ ግን ብዙ ጊዜ አብሮ አይታወስም። በሰሜን አሜሪካ የኒው ዮርክን ስቴት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያቋረጠው የኢሪ ቦይም ዕድሉ ይኸው ሆኗል። ቦዩ በተነሣ ቁጥር የዲዊት ክሊንተን ስም አብሮ ይነሣል። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ የቦዩ ሐሳብ ከገጠር አውራጃዎች የመነጨ፣ ቅየሳው በአውራጃ ዳኞች የተከናወነ፣ ቁፋሮውም በአካባቢው ገበሬዎችና ከባሕር ማዶ በመጡ ሠራተኞች ጉልበት የተፈጸመ ነበር። የክሊንተን ድርሻ የተበታተነውን የባላገር ጥያቄ በልክና በሒሳብ የተደገፈ አንድ አቤቱታ አድርጎ ከስቴቱ የሕግ መምሪያ ፊት ማቅረቡ፣ ካቀረበውም በኋላ ሥራው እስኪፈጸም ድረስ ከያዘው አለመልቀቁ ነው። የሕይወቱ ታሪክ ለመሐንዲስ የሚጠቅመውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ትውልዱና ሹመቱ

ዲዊት ክሊንተን ማርች 2 ቀን 1769 በኒው ዮርክ፣ ሊትል ብሪተን በተባለች የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ጄምስ ክሊንተን በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት በጄኔራልነት የተዋጋ ሰው ሲሆን፣ አጎቱ ጆርጅ ክሊንተን ደግሞ የኒው ዮርክ ስቴት የመጀመሪያው አገረ ገዥ፣ በኋላም የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚደንት ነበር። ዲዊት በ1786 ከኮሎምቢያ ኮሌጅ ተመርቆ ሕግ ካጠና በኋላ የአጎቱ ጸሐፊ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በሹመት ላይ ሹመት ተደራረበለት። በ1798 የስቴቱ የሕግ መምሪያ አባል ነበር፤ በ1802 የፌዴራሉ መንግሥት ሴናተር ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ይህን ሥልጣን ትቶ የኒው ዮርክ ከተማን ከንቲባነት ያዘና፣ በመካከሉ አንዳንድ ጊዜ ቢቋረጥም እስከ 1815 ድረስ በዚሁ ሥራ ቆየ።

በከንቲባነቱ ዘመን፣ በ1805 ለድኻ ልጆች ነጻ ትምህርት የሚሰጥ ማኅበር ሲቋቋም ከዋናዎቹ ደጋፊዎች አንዱ ነበር። ዕፀዋትን፣ ዓለቶችንና ዓሦችን መመርመርም ይወድ ነበር። ቁመቱ ረጅም፣ ጠባዩ ኩሩ፣ በዕውቀቱ የሚመካ ሰው በመሆኑ ወዳጆቹን የሚያስከፋበት፣ ጠላቶቹንም የሚያበዛበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። በ1812 ለፕሬዚደንትነት ተወዳድሮ በጄምስ ማዲሰን 128 ለ89 በሆነ የመራጮች ድምፅ ተሸነፈ። ዕድሉ በዚያው ቢቆም ኖሮ ስሙ ከብዙዎቹ የዘመኑ ፖለቲከኞች ስም ጋር አብሮ በደበዘዘ ነበር።

ጥያቄው የመነጨበት አገር

ከነጻነት ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የኒው ዮርክ ስቴት ምዕራባዊ መሬት በአብዛኛው ከነባር ባለቤቶቹ እጅ ወጣ። ኢሮኩዋ በተባለው ስም የሚታወቀው የነባር ሕዝቦች ኅብረት አባላት የሆኑት ኦናይዳ፣ ኦኖንዳጋ፣ ካዩጋና ሴኔካ ከስቴቱ መንግሥትና ከመሬት ነጋዴዎች ጋር በተደረጉ ውሎች ርስታቸውን እያጡ ሄዱ። በምትካቸው ከምሥራቅ የመጡ ሰፋሪዎች ጫካውን እየመነጠሩ ኦንታሪዮ፣ ኦኖንዳጋና ጄነሲ የተባሉትን አዳዲስ አውራጃዎች አቀኑ።

መሬቱ ለም ነበር፤ ስንዴም ያበቅላል። የጎደለው ወደ ገበያ የሚያደርስ መንገድ ነበር። ከባፋሎ እስከ ኒው ዮርክ ከተማ አንድ ቶን ጭነት በየብስ ለማድረስ እስከ 100 ዶላር ይጠይቅ ስለ ነበር እህሉ ገበያ ሳይደርስ ዋጋው መንገድ ላይ ያልቅ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ከእህሉ ከፊሉን አረቄ አውጥቶ ይሸጣል፤ ከፊሉንም በኦንታሪዮ ሐይቅና በሴንት ሎረንስ ወንዝ በኩል ወደ ካናዳ ይልካል። የቀረውም ለቤት ፍጆታ ከመሆን አያልፍም ነበር።

የአገሩ አቀማመጥ ግን መፍትሔውን ያመለክት ነበር። ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚለየው የአፓላቺያን ተራራ ሰንሰለት በሞሃውክ ወንዝ ሸለቆ ላይ ዝቅ ብሎ በር ይከፍታል። በ1792 የተቋቋመ አንድ የግል ኩባንያ በዚሁ ሸለቆ አጫጭር ቦዮች ቆፍሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ አቅሙ የወንዙን መሰናክሎች ከመጠጋገን አላለፈም። ሐይቁን ከሃድሰን ወንዝ ለማገናኘት የመንግሥት ክንድ ያስፈልግ ነበር።

ይህን በጽሑፍ ካስረዱት ሰዎች መካከል ጄሲ ሃውሊ በመጀመሪያው ረድፍ ይቆማል። ሃውሊ ጄኔቫ በተባለች የኦንታሪዮ አውራጃ መንደር የዱቄት ነጋዴ ነበር፤ ንግዱ ከስሮ በዕዳ ምክንያት በካነንዴግዋ ታሰረ። እዚያው ሳለ በ1807 እና በ1808 ሄርኩለስ በሚል የብዕር ስም 14 ጽሑፎች በአካባቢው ጋዜጣ አሳተመ። ከኢሪ ሐይቅ እስከ ሃድሰን የሚደርስ ቦይ በየት በኩል ሊያልፍ እንደሚችልና ምን ጥቅም እንደሚሰጥ በዝርዝር አስረዳ።

በዚያው በ1808 ከኦኖንዳጋ አውራጃ የተመረጠው ጆሹዋ ፎርማን ጉዳዩን ለስቴቱ የሕግ መምሪያ አቀረበ። ምክር ቤቱ ለቅየሳ የፈቀደው 600 ዶላር ብቻ ነበር። ይህችኑ ገንዘብ ይዞ መሥመሩን የተመለከተው ጄምስ ጌዲስ የዚያው አውራጃ ዳኛ፣ ጨው አምራችና የመሬት ቀያሽ እንጂ በትምህርት ቤት የሠለጠነ መሐንዲስ አልነበረም። በ1809 ባቀረበው ሪፖርት ቦዩ ወደ ኦንታሪዮ ሐይቅ ሳይወርድ በየብስ ቀጥታ ከኢሪ ሐይቅ ሊደርስ እንደሚችል አስታወቀ። በዚያው ዓመት ፎርማን ወደ ዋሽንግተን ሄዶ ፕሬዚደንት ጄፈርሰንን ሲያነጋግር ያገኘው መልስ ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ከመቶ ዓመት በፊት የመጣና ለእብደት የቀረበ ነው የሚል ነበር። አውራጃዎቹ ግን መቶ ዓመት ሊጠብቁ አልቻሉም።

ክሊንተን ወደ ጉዳዩ የገባበት

እስከ 1810 ድረስ ክሊንተን ከቦዩ ጉዳይ ጋር ይህ ነው የሚባል ግንኙነት አልነበረውም። በዚያ ዓመት የስቴቱ ሴናተር ጆናስ ፕላትና ነጋዴው ቶማስ ኤዲ ጉዳዩን የሚያጠና ኮሚሲዮን እንዲቋቋም ሲነሡ፣ ፕላት የተቃራኒው ፓርቲ ሰው ሆኖ ሳለ በመጀመሪያ የሄደው ወደ ክሊንተን ነበር። ሥራው የአንድ ፓርቲ ሥራ ተብሎ ከተፈረጀ እንደሚወድቅ ተረድቶታልና። ክሊንተን ሐሳቡን ደገፈ፤ ኮሚሲዮኑም ከሁለቱም ወገን በተውጣጡ 7 ሰዎች ተቋቋመ።

በዚያው በጋ ኮሚሲዮነሮቹ ከኦልባኒ ተነሥተው እስከ ኢሪ ሐይቅ ተጓዙ። ክሊንተን የመንገዱን ሁኔታ ዕለት ዕለት በማስታወሻ ይዞ ነበር። የአፈሩን ዓይነት፣ የዕፀዋቱን ስም፣ የወፍጮዎቹን ሁኔታ፣ የእንግዳ ማረፊያዎቹን ቆሻሻነትና ያሳደሩትን ተባይ ሳይቀር መዘገበ። የከተማው ከንቲባ የገጠሩን ችግር ያወቀው በዚህ ጉዞ ነው።

የመጀመሪያው የኮሚሲዮኑ ሪፖርት በ1811 ቀረበ። ሪፖርቱን ያዘጋጀው ሞሪስ ውሃው ከኢሪ ሐይቅ እስከ ሃድሰን ያለ ደረጃ በአንድ ተዳፋት የሚወርድበትን ቦይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ የመሬቱ ገጽታ ይህን እንደማይፈቅድ ቀያሾቹ ካስረዱ በኋላ ሐሳቡ ተተወ። በዓመቱ መጨረሻ ክሊንተንና ሞሪስ የፌዴራሉን መንግሥት ዕርዳታ ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን ቢሄዱም ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በ1812 ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ሲነሣም ጉዳዩ ተዳፍኖ ቀረ።

የአቤቱታው ዘመቻ

በ1815 ሰላም ሆነ፤ ክሊንተን ግን ከንቲባነቱን አጣ። በፕሬዚደንት ምርጫ የተሸነፈ፣ ከከንቲባነትም የተነሣ ሰው በመሆኑ ብዙዎች የፖለቲካ ሕይወቱ አበቃ ብለው ነበር። በዚያው ዓመት በዲሴምበር መጨረሻ በኒው ዮርክ ከተማ በአንድ ሆቴል የተሰበሰቡ የቦዩ ደጋፊዎች ለሕግ መምሪያው የሚቀርበውን አቤቱታ እንዲጽፍ ክሊንተንን መረጡት።

ጽሑፉ የተለመደውን የልመና ዓይነት አልተከተለም። መሥመሩን ያሳያል፤ ከሌሎቹ መሥመሮች ጋር ያነጻጽራል፤ ወጪውን 6 ሚሊዮን ዶላር ያህል አድርጎ ይገምታል፤ የጭነት ዋጋ ምን ያህል እንደሚቀንስና ከማለፊያ ክፍያ የሚገኘው ገቢ ብድሩን እንዴት እንደሚመልስ ያሰላል። በአውራጃዎቹ ሲነገር የኖረው ችግር በዚህ ጽሑፍ ቁጥር አገኘ።

አቤቱታው ታትሞ በስቴቱ ተሠራጨ። በኦልባኒ፣ በዩቲካ፣ በጄኔቫ፣ በካነንዴግዋ፣ በባፋሎና በሌሎችም መንደሮች ስብሰባ እየተጠራ ውሳኔ ተላለፈ፤ ፊርማም ተሰበሰበ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው እንደ ፈረመ ይነገራል። በዚያን ጊዜ የስቴቱ ጠቅላላ ሕዝብ ከ1 ሚሊዮን እምብዛም ያልበለጠ እንደ ነበር ሲታሰብ የዘመቻው ስፋት ይታወቃል።

ይሁንና የሕግ መምሪያው በኤፕሪል 1816 የሰጠው ውሳኔ ደጋፊዎቹ እንደ ጠበቁት አልሆነም። ክሊንተን የሚገኝበት 5 አባላት ያሉት አዲስ ኮሚሲዮን ተሠየመ፤ ሆኖም የተፈቀደው 20 ሺህ ዶላር ለቅየሳ ብቻ እንጂ ለግንባታ አልነበረም። ብዙዎች ቅር ቢሰኙም ይህ መዘግየት ጥቅም አስገኘ። ኮሚሲዮኑ መሥመሩን ከፋፍሎ አስለካ። በ1817 መጀመሪያ ባቀረበው ሪፖርት 353 ማይል ርዝመት፣ 77 ሎኮችና 4,881,738 ዶላር ወጪ አስመዘገበ። ሎክ የሚባለው ጀልባ ከዝቅተኛው ውሃ ወደ ከፍተኛው የሚወጣበት፣ በሁለት ወገን በር ያለው የግንብ ገንዳ ነው።

በማርች 1817 ፕሬዚደንት ማዲሰን ለመንገድና ለቦይ የፌዴራል ገንዘብ የሚሰጠውን ሕግ በመሻሩ ስቴቱ በራሱ አቅም ከመሥራት ሌላ ምርጫ አልቀረለትም። የኒው ዮርክ ከተማ ተወካዮች ለሩቅ ገጠር ሥራ ግብር አንከፍልም ብለው ተቃወሙ። ከመሥመሩ ርቀው የሚገኙት የደቡብ አውራጃዎችም ጥቅሙ ለጎረቤቶቻችን፣ ዕዳው ለሁላችን ይሆናል በማለት ሥጋታቸውን ገለጹ። በሌላ በኩል የክሊንተን ዋና ተቀናቃኝ የነበረው ማርቲን ቫን ቢዩረን የመራጩን ስሜት በማየት በሴኔቱ ለሕጉ ድጋፍ ተናገረ።

ሕጉ በምክር ቤቶቹ ካለፈ በኋላም አንድ መሰናክል ቀረው። በዚያ ዘመን የስቴቱ ሕጎች ከመጽደቃቸው በፊት የሚመረምር የአገረ ገዥውና የከፍተኛ ዳኞች ጉባኤ ነበር። የጉባኤው ድምፅ እኩል ለእኩል ሊከፈል ሲል በስብሰባው የተገኘው ምክትል ፕሬዚደንት ዳንኤል ቶምኪንስ ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ሰላም የማይዘልቅ ስለ ሆነ ገንዘቡ ለጦርነት ዝግጅት መዋል አለበት አለ። እስከዚያ ድረስ ያመነታ የነበረው ዳኛ ጄምስ ኬንት፣ ምርጫው በጦርነትና በቦይ መካከል ከሆነ ቦዩን እንደሚመርጥ አስታውቆ ድምፁን ሰጠ። ኤፕሪል 15 ቀን 1817 ሕጉ ጸደቀ።

የሕጉ የገንዘብ ክፍል በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ብድሩ የሚመለሰው በኦኖንዳጋ ከሚመረተው ጨው፣ ከጨረታ ሽያጭና ከእንፋሎት መርከብ መንገደኞች በሚሰበሰብ ቀረጥ ሲሆን፣ ከቦዩ በግራና በቀኝ እስከ 25 ማይል ድረስ ያሉ ባለመሬቶችም 250 ሺህ ዶላር እንዲያዋጡ ተወስኖ ነበር። ይህ የመጨረሻው ግብር በተግባር አልተሰበሰበም፤ ቢሆንም ጠያቂው ከሸክሙ ድርሻውን ይቀበል የሚለው መሠረተ ሐሳብ በሕጉ ሰፍሮ ይገኛል።

የሥራው አካሄድ

ክሊንተን በ1817 አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ። ሥልጣኑን ከያዘ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጁላይ 4 ቀን ሮም በተባለችው የስቴቱ መንደር አጠገብ ቁፋሮው ተጀመረ። ሥራው ከሁለቱ ጫፎች በአንዱ ሳይሆን ከመካከል እንዲጀመር የተደረገው በምክንያት ነበር። በዚያ ስፍራ መሬቱ ሜዳ፣ አፈሩ ለስላሳ፣ የሚያስፈልጉት ሎኮችም ጥቂት በመሆናቸው ሥራው ቶሎ ታይቶ የተጠራጣሪውን አፍ ሊያዘጋ ይችላል።

ዋናው መሐንዲስ ቤንጃሚን ራይትም እንደ ጌዲስ የአውራጃ ዳኛና ቀያሽ ነበር። ሁለቱ ሰዎች የከፍታ ልኬታቸው የሚታመን መሆኑን ለመፈተን ተነጣጥለው በኦናይዳ ሐይቅ ዙሪያ ለኩ። ወደ 100 ማይል በሚጠጋው ዙር ውጤታቸው ሲነጻጸር ልዩነቱ ከ2 ኢንች፣ ማለት ከ5 ሳንቲሜትር ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ በአገር ልጆች ዕውቀት አይሠራም የሚለው ክርክር ጉልበት አጣ።

ቁፋሮው በትንንሽ ክፍል እየተመተረ ለሥራ ተቋራጮች ተሰጠ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በመሥመሩ ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችና ነጋዴዎች ነበሩ። በአካፋና በጋሪ ፈንታ በበሬና በፈረስ የሚጎተት ማረሻና የአፈር መጥረጊያ ሥራውን አፋጠነው፤ ጉቶ የሚነቅል መሣሪያም ተፈለሰፈ። ወጣቱ ካንቫስ ዋይት ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ቦዮችን በእግሩ እየዞረ አጠና፤ ከተመለሰ በኋላ በ1818 በማዲሰን አውራጃ በውሃ ውስጥ የሚጠነክር ሲሚንቶ የሚወጣበት ድንጋይ መኖሩ ታወቀ። በውድ ዋጋ ከውጭ ሊመጣ ይችል የነበረው ዕቃ ከሥራው መሥመር አጠገብ ተገኘ ማለት ነው።

ሥራው ያለ መሥዋዕትነት አልተፈጸመም። በ1819 ከሲራክዩስ በስተምዕራብ ባለው ረግረግ ወደ 1 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞች በንዳድ ታመሙ፤ ከእነርሱም የሞቱ ነበሩ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ከሮም እስከ ዩቲካ ያለው 15 ማይል ውሃ ሞልቶ የመጀመሪያው ጀልባ ተጓዘ። ለጀልባው የተሰጠው ስም ዋና መሐንዲስ የሚል ነበር።

አውራጃዎቹ ቦዩ ከተፈቀደ በኋላም ጥያቄያቸውን አላቆሙም። የቦዩ ምዕራባዊ ጫፍ በየትኛው መንደር ይሁን በሚለው ጉዳይ ባፋሎና ብላክ ሮክ ብርቱ ክርክር ገጠሙ። ብላክ ሮክ የተፈጥሮ ወደብ ነበራት፤ ፒተር ፖርተርን የመሰለ ኃያል ተከራካሪም ነበራት። የባፋሎ ወንዝ አፍ ደግሞ በአሸዋ የተደፈነ ነበር። የባፋሎ ሰዎች ስቴቱን 12 ሺህ ዶላር ብድር ጠይቀው አገኙ፤ ሦስት ነዋሪዎች የግል ንብረታቸውን ዋስትና አድርገው አስያዙ። ከሦስቱ አንዱ የሆነው ሳሙኤል ዊልክሰን፣ ወደብ ሠርቶ የማያውቅ ነጋዴ ሆኖ ሳለ፣ በ1820 ሠራተኞቹን ራሱ እየመራ የወደቡን ግድብ አቆመ። በ1822 ኮሚሲዮነሮቹ ባፋሎን መረጡ። መንደሪቱ ውሳኔውን ያገኘችው ከአቤቱታው ጋር ተሠርቶ ያለቀ ሥራ ስላቀረበች ነው።

መውረድና መመለስ

ክሊንተን እስከ 1822 መጨረሻ አገረ ገዥ ሆኖ ካገለገለ በኋላ ለጊዜው ከሥልጣን ወጣ፤ ሆኖም ያለ ደመወዝ ይሠራበት በነበረው በቦዩ ኮሚሲዮን አባልነቱ ቀጠለ። የፖለቲካ ተቃዋሚዎቹ ቦዩ ሲመረቅ ምስጋናው ለእርሱ እንዳይሆን ፈሩ። ኤፕሪል 12 ቀን 1824 የሕግ መምሪያው ስብሰባውን ሊዘጋ ሲል ድንገት በቀረበ ሐሳብ ከኮሚሲዮኑ እንዲወጣ ተደረገ። የቀረበበት ጥፋት አልነበረም።

ሕዝቡ ይህን በዝምታ አላለፈውም። በኦልባኒ፣ በኒው ዮርክ ከተማና በመሥመሩ ላይ ባሉ መንደሮች የተቃውሞ ስብሰባ ተጠራ። ከስምንት ዓመት በፊት ለቦዩ የፈረሙት አውራጃዎች አሁን ለሰውየው ቆሙ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር በተደረገው ምርጫ ክሊንተን በሰፊ ብልጫ እንደ ገና አገረ ገዥ ሆነ። ተቃዋሚዎቹ ሊወስዱበት ያሰቡትን ክብር በእጃቸው መልሰው ሰጡት።

ኦክቶበር 26 ቀን 1825 ክሊንተንን የጫነው ጀልባ ከባፋሎ ተነሣ። በመሥመሩ የተደረደሩ መድፎች በየተራ እየተተኮሱ ዜናውን እስከ ኒው ዮርክ አደረሱ። ኖቬምበር 4 ቀን ክሊንተን ከኢሪ ሐይቅ ያመጣውን ውሃ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ አፈሰሰ። ቦዩ 363 ማይል ወይም 584 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ ከላይ 12 ሜትር ያህል ስፋት፣ 1.2 ሜትር ያህል ጥልቀት፣ 83 ሎኮችና ወንዝ የሚያሻግሩት 18 የውሃ ድልድዮች ነበሩት። ወጪው ወደ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ። ይህም ከ1817ቱ ግምት በግማሽ ያህል የበለጠ ነው። ቢሆንም ከባፋሎ እስከ ኒው ዮርክ የአንድ ቶን ማጓጓዣ ከ100 ዶላር ወደ 10 ዶላር ገደማ ወረደ፤ የማለፊያ ክፍያውም ብድሩን መለሰ። ሮቸስተር፣ ሲራክዩስና ባፋሎ ከመንደርነት ወደ ከተማነት አደጉ። ተወካዮቿ የተቃወሙት ኒው ዮርክ ከተማም ከሁሉ ይልቅ ተጠቀመች።

ከቦዩ የራቁት አውራጃዎች

የደቡብ አውራጃዎች ግን የጋራው ዕዳ ድርሻ ሲነካቸው ጥቅሙ አልደረሳቸውም። ክሊንተን ይህን በመገንዘብ በ1825 ከሃድሰን እስከ ኢሪ ሐይቅ በደቡቡ በኩል የሚያልፍ የመንግሥት መንገድ እንዲሠራ አሳሰበ። መሥመሩ ተጠና፤ ነገር ግን የሕግ መምሪያው ሳይቀበለው ቀረ። ክሊንተን ይህ ጉዳይ መፍትሔ ሳያገኝ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1828 በአገረ ገዥነት ሥራው ላይ እያለ በኦልባኒ በድንገት ሞተ። ዕድሜው 59 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ብዙ ዕዳ ትቶ በመሞቱ ቤተሰቡ የመቃብር ስፍራ ሊገዛለት አልቻለም፤ አስከሬኑ በሌላ ቤተሰብ መቃብር ውስጥ 16 ዓመት ቆይቶ በ1844 ወደ ብሩክሊን ተዛወረ። በሚሊዮን የሚቆጠር የሕዝብ ገንዘብ በእጁ ያለፈ ሰው ለራሱ ያስቀረው ነገር አልነበረም።

ከእርሱ በኋላ በደቡብ የሚገኘው የሸናንጎ ሸለቆ ሕዝብ ከዩቲካ እስከ ቢንግሃምተን የሚደርስ ቦይ እንዲሠራለት በየዓመቱ አቤቱታ ማቅረቡን ቀጠለ። የቦይ ኮሚሲዮነሮቹ ሥራው ወጪውን እንደማይመልስ በሪፖርት አስታወቁ። የአውራጃዎቹ ድምፅ ግን በምርጫ ላይ ሚዛን የሚደፋ በመሆኑ በ1833 ሕጉ አለፈ። በሮም አጠገብ በ1817 የዛፍ ቆራጭነት ሥራ ጀምሮ በሙያው ያደገው ጆን ጀርቪስ ሥራውን መራ፤ ለቦዩ ውሃ የሚሰጡ ሰው ሠራሽ ኩሬዎችም በብልሃት ተሠሩ። በ1837 የተከፈተው 97 ማይል ቦይ 116 ሎኮች ነበሩት፤ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈጀ። በሸለቆው ያሉ መንደሮች ተጠቀሙ፤ የዩቲካ ፋብሪካዎችም የድንጋይ ከሰል አገኙ። ገቢው ግን የጥገናውን ወጪ እንኳ ሳይሸፍን በ1878 ተዘጋ።

የኢሪ ቦይ አቤቱታና የሸናንጎ አቤቱታ ሁለቱም ከእውነተኛ ችግር የመነጩ ናቸው። የሸናንጎ ገበሬም እንደ ኦንታሪዮው ገበሬ እህሉን ለገበያ ማድረስ ፈልጎ ነው የጠየቀው። ልዩነታቸው ልኬቱ በአቤቱታው ላይ የነበረው ሥልጣን ነው። በመጀመሪያው ሥራ የፊርማው ብዛት ቅየሳውን አስፈቀደ፤ የቅየሳው ውጤትም ግንባታውን አስፈቀደ። በሁለተኛው ልኬቱ እየተናገረ ፊርማው አሸነፈው። የሸናንጎ ሰዎች የሚገባቸው መልስ ምናልባት ሌላ ዓይነት ሥራ ነበር፤ ክሊንተን ያሰበላቸው መንገድ ሳይሠራ በመቅረቱ ግን ጥያቄያቸው በቦዩ ብቻ ተወሰነ። ለአንድ አካባቢ የተፈቀደ ሥራ ለጎረቤቱ ጥያቄ ምሳሌ ይሆናል፤ ምሳሌው ከአገሩ አቀማመጥ ጋር መስማማቱን የመናገር ግዴታ ያለበት መሐንዲሱ ነው።

ከዚህም ሌላ በአቤቱታዎቹ ወረቀት ላይ ስማቸው ያልሰፈረ ወገኖች ነበሩ። ቦዩ ያለፈበትን አገር ከሁሉ በፊት የሚያውቁት የኢሮኩዋ ሕዝቦች ፈርሙ አልተባሉም፤ የቦዩ መከፈትም የሰፋሪውን ብዛት ጨምሮ በቀረችው መሬታቸው ላይ ግፊቱን አበረታው። ክሊንተን ስለ ታሪካቸው ጥናት ያቀረበ ሰው ቢሆንም ሥራው በእነርሱ ላይ ያደረሰውን አልከለከለም። የሕዝብ ጥያቄ ሲባል የትኛው ሕዝብ እንደ ጠየቀና የትኛው እንዳልተጠየቀ ማየት የሥራው ጥናት አንድ ክፍል ሊሆን ይገባል።

የመጀመሪያው ቦይ ከ1836 ጀምሮ እንዲሰፋ ተደርጓል፤ በ1918 ደግሞ በታላቅ አዲስ ቦይ ተተክቷል። ጭነቱን ባቡርና መኪና ከወሰዱት ቆይተዋል፤ በዛሬው ውሃ ላይ የሚታዩት በአብዛኛው የመዝናኛ ጀልባዎች ናቸው። በሸናንጎ ሸለቆ አናት የተሠሩት ኩሬዎች ግን ቦያቸው ከተዘጋ ከብዙ ዓመታት በኋላም ለኢሪ ቦይ መሥመር ውሃ መስጠታቸውን አላቋረጡም። ክሊንተን ያለፈበት ሥርዓትም፣ ማለት የአካባቢውን ሰው ጥያቄ ማዳመጥ፣ ጥያቄውን በልኬት መፈተን፣ ሸክሙን ከጥቅሙ ጋር ማከፋፈልና የጀመሩትን መፈጸም፣ በመንግሥትና በገጠር መካከል ቆሞ ለሚሠራ መሐንዲስ ሁሉ የሚሆን ነው።